«ክላውድ» ደመና ብቻ ነው እንዴ? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ክላውድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የአየር ትንበያ ላይ አለ። ስልካችን ውስጥም አለ። ዜና ላይ ይመጣል፣ ልብ ወለድ ውስጥ ይመጣል፣ የሕክምና ወረቀት ላይም ይመጣል። ትርጉሙ ምንድን ነው ሲባል አብዛኛው ሰው «ደመና» ብሎ ያልፋል። ልክ ነው። ግን «ደመና»ን ብቻ ይዞ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ቶሎ ግራ ይጋባል። እንግሊዝኛ ከሚማሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ክላውድ ከመጀመሪያውም ደመና ማለት ነበር?

አልነበረም። ይህን ባወቅሁ ጊዜ በጣም ነው የገረመኝ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ክሉድ» ማለት የዓለት ክምር ወይም ኮረብታ ነው። ለደመና ሌላ ቃል ነበራቸው፤ «ወልከን» ይሉት ነበር። ጀርመኖች ዛሬም ደመናን «ቮልከ» ይላሉ። የዚያው ቃል ዘመድ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ግን እንግሊዞች ሰማይ ላይ የተቆለለውን ነገር በዓለት ክምር ስም መጥራት ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ተቆልሎ የሚታይ ነጭ ደመና እውነትም ተራራ ይመስላል። አዲሱ ትርጉም አሮጌውን ዋጠው። ዛሬ ክላውድ ሲባል ድንጋይ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

«ስካይ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ዛሬ ሰማይ ማለት ነው። ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን ትርጉሙ ደመና ነበር። ድንጋዩ ደመና ሆነ፣ ደመናው ደግሞ ሰማይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ «ቀጥተኛ ትርጉም» የምንለው ራሱ ድሮ ምሳሌያዊ አነጋገር ነበር።

ደመና ማለት እንፋሎት አይደለም?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን አይደለም። የውሃ እንፋሎት ጋዝ ነው፣ በዓይን አይታይም። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ይሆናል። ያን ጊዜ ነው ደመና ብለን የምናየው። ቅዝቃዜው ከበረታ ጠብታው የበረዶ ቅንጣት ይሆናል። ጠብታው ደግሞ እንዲሁ ከባዶ አየር አይፈጠርም። የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። የአቧራ ብናኝ፣ ከባሕር የተነሳ ጨው ወይም የጭስ ቅንጣት ሊሆን ይችላል።

መጠኑን አስቡት። የአንዱ ጠብታ ስፋት 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ደህና የዝናብ ጠብታ እንዲወጣ ከእነዚህ አንድ ሚሊዮን ያህሉ መገናኘት አለባቸው። ሁሉም ሲደመር ግን ቀላል አይደለም። ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ተራ ነጭ ደመና 500 ቶን ያህል ውሃ ተሸክሟል። ታዲያ ለምን አይወድቅም? ይወድቃል እኮ። ጠብታዎቹ በጣም ስለሚያንሱ አወዳደቃቸው ዝግ ያለ ነው። ከታች የሚነሳው ሞቃት አየር ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ይገፋቸዋል።

ይህን ያመጣሁት ለሳይንሱ ብቻ አይደለም። እልፍ ጥቃቅን ነገር ተሰብስቦ ከሩቅ አንድ አካል መምሰሉ ለቃሉ ሌሎች ትርጉሞች ቁልፍ ነው። ወደ ታች እንመለስበታለን።

ጭጋግስ? ከደመና ይለያል?

ጭጋግ መሬት የነካ ደመና ነው። ተራራ ላይ ያለው ሰው «ጭጋግ ውስጥ ነኝ» ይላል። ከሸለቆው ሆኖ ቀና የሚለው ሰው ያንኑ ነገር ደመና ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ባለሙያዎች ከ1 ኪሎ ሜትር ማዶ ማየት ሲያቅት «ፎግ» ይሉታል፣ ከዚያ ሳሳ ሲል «ሚስት»። በምሳሌያዊ አነጋገር ግን ይለያያሉ። ፎግ ግራ መጋባትን ያሳያል። ክላውድ ወደ ሐዘን፣ ወደ ጥርጣሬና ወደ ሥጋት ያደላል።

ትንበያው «ፓርትሊ ክላውዲ»፣ «ሞስትሊ ክላውዲ»፣ «ኦቨርካስት» ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሰማይን 8 ቦታ ከፋፍላችሁ አስቡ። የሚቲዮሮሎጂ ባለሙያዎች የደመና ሽፋንን የሚለኩት እንዲህ ነው፤ አንዱ እጅ «ኦክታ» ይባላል። 0 ከሆነ ሰማዩ ጥርት ብሏል። 8 ከሆነ ጥግ እስከ ጥግ ተሸፍኗል፣ ይህ ነው ኦቨርካስት። ፓርትሊ ክላውዲ ሲል ደመናው ከፊል ነው፣ ፀሐይም በደንብ ትታያለች። ሞስትሊ ክላውዲ ሲል ደመናው አመዝኗል፣ ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ትላለች።

በአቪዬሽን ደግሞ የራሳቸው አጠራር አላቸው። ከ1 እስከ 2 እጅ ሲሸፈን «ፊው»፣ ከ3 እስከ 4 ሲሆን «ስካተርድ»፣ ከ5 እስከ 7 ሲሆን «ብሮክን» ይላሉ። ብሮክን እዚህ ላይ የተሰበረ ማለት አይደለም። ደመናው ብዙ ሆኖ እዚህም እዚያም ክፍተት አለው ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ቃላት አንዱም ዝናብ ይዘንባል አይልም። የሚናገሩት ስለ ሽፋን ብቻ ነው።

«ኩሙለስ»፣ «ስትራተስ» የሚባሉትን ማጥናት ግዴታ ነው?

ለዕለት ንግግር አያስፈልጉም። ለማወቅ ለሚፈልግ ግን 4 ቃል ይበቃል። ሉክ ሃዋርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ እ.ኤ.አ. በ1802 መጨረሻ ለንደን ውስጥ ባቀረበው ንግግር ለደመናዎች የላቲን ስም አወጣላቸው። ኩሙለስ ክምር ነው። ስትራተስ ንጣፍ ነው። ሲረስ የፀጉር ጥቅል ነው። ኒምበስ ደግሞ ዝናብ ያዘለው ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ የእነዚህ ቅልቅል ናቸው። ኩሙሎኒምበስ ስትሰሙ «ክምር» እና «ዝናብ» የሚሉትን አጋጥሙ። መብረቅና ነጎድጓድ የሚያመጣው ግዙፍ ደመና እሱ ነው። የደመና ስም የሙሉ ጊዜ ሥራው ባልሆነ ሰው መውጣቱና እስከ ዛሬ ዓለም መጠቀሙ ደስ ይለኛል።

አንድ ቃል ይህን ሁሉ ምሳሌያዊ ትርጉም እንዴት ተሸከመ?

ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን የያዘ ሰው እያንዳንዱን ፈሊጥ ለየብቻ መሸምደድ አይኖርበትም።

ደመናን ለአፍታ እንደማያውቀው ሰው እዩት። ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ይጋርዳል። ፀሐይን ይሸፍናል፣ ብርሃን ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ከፍ ብሎ ይኖራል። ሰው እጁን ዘርግቶ የማይደርስበት ቦታ ነው። ሦስተኛ፣ ቅድም እንዳልኩት ብዙ ጥቃቅን ነገር ሆኖ ሳለ ከሩቅ አንድ ይመስላል። ውስጡ ምን እንዳለ ለይቶ ማየት አይቻልም።

አሁን ፈሊጦቹን ሁሉ በእነዚህ ሦስት ባሕርያት መደርደር ትችላላችሁ። ሐዘን፣ ጥርጣሬ፣ የተበላሸ ፍርድ፣ የደፈረሰ ውሃ ከመጋረዱ የመጡ ናቸው። ደስታና የቀን ሕልም ከከፍታው መጡ። የአንበጣ መንጋ፣ የአቧራ ብናኝ፣ ፎቶዎቻችንን የምናስቀምጥበት ክላውድ ከሦስተኛው መጡ። አዲስ አገላለጽ ሲያጋጥማችሁ «ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

«ኦን ክላውድ ናይን» ለምን 9 ሆነ?

ትርጉሙ ቀላል ነው። እጅግ የተደሰተ ሰው «ኦን ክላውድ ናይን» ነው ይባላል። በእኛ አባባል ጮቤ ረገጠ፣ ደስታው ሰማይ ነካ እንደማለት ነው። ሥራ ያገኘ፣ ልጅ የተወለደለት፣ የወደዳት ልጅ እሺ ያለችው ሰው ክላውድ ናይን ላይ ነው።

ስለ ቁጥሩ በሰፊው የሚነገር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1896 በወጣው ዓለም አቀፍ የደመና ዝርዝር ላይ ረጅሙ ደመና ኩሙሎኒምበስ ተራ ቁጥሩ 9 ነበር፣ አባባሉም ከዚያ መጣ ይባላል። ያምራል፤ ግን አያሳምነኝም። ምክንያቱም ሰዎች «ክላውድ ሰቨን» እና «ክላውድ ኤይት» ም ይሉ ነበር፣ ለዚያው ስሜት። ቁጥሩ ከዝርዝሩ ቢመጣ ኖሮ 7 እና 8 ባልተባለ ነበር። 9 ከሌሎቹ ጋር ተፎካክሮ ያሸነፈ ቁጥር ነው። ዛሬ ግን «ክላውድ ኤይት» ብትሉ ሰሚው ተሳስታችሁ ይመስለዋል።

«ሄድ ኢን ዘ ክላውድስ» ስ? እሱም ደስታ ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጭንቅላቱ ደመና ውስጥ ነው የተባለ ሰው ተደሰተ አልተባለም። ሐሳቡ ከአጠገባችን ርቋል ነው የተባለው። እግሩ እዚህ ልቡ እዚያ የሆነ፣ በቀን የሚያልም፣ ስናወራው በሐሳብ ጭልጥ የሚል ሰው ነው። አንዳንዴ በፍቅር ይባላል፣ ለምሳሌ ስለ ልጅ። አንዳንዴ ወቀሳ ነው፣ ለምሳሌ አለቃ ስለ ሠራተኛ ሲናገር።

«ክላውድ ኩኩ ላንድ» የሚባልም አለ። ይህ በጣም ከበድ ይላል። ሊሆን የማይችል ነገር ያምናል፣ ከእውነታው ወጥቷል ማለት ነው። ምንጩ የጥንት ግሪካዊው የቲያትር ጸሐፊ አሪስቶፋነስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ414 ባቀረበው ኮሜዲ ወፎች በሰማይ ላይ የሚሠሩት ከተማ ስም ነበር። ለሰው ፊት ለፊት የሚባል ቃል አይደለም፤ ይሰድባል።

ዜና ላይ «አንደር ኤ ክላውድ» ሥራውን ለቀቀ ይላል። ጥፋተኛ ነው ማለት ነው?

እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሰውየው በዝናባማ ቀን የሄደ መስሎኝ ነበር። ያ ስህተት ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላኛው ስህተት ነው፤ «ወንጀል ሠርቶ ለቀቀ» ብሎ መተርጎም።

«አንደር ኤ ክላውድ» ማለት በጥርጣሬ ጥላ ሥር ማለት ነው። ሰውየው ሊከሰስም ላይከሰስም ይችላል። ጥፋት ሊኖርበትም ላይኖርበትም ይችላል። የተረጋገጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰዎች ጠርጥረውታል፣ ስሙም ጠልሽቷል። ስለዚህ «ስሙ በጥርጣሬ ሲነሳ ሥራውን ለቀቀ» ወይም «የጥርጣሬ ጥላ አጥልቶበት ለቀቀ» ብንል ልክ ይመጣል። ደመና ፀሐይን ይጋርዳል እንጂ አያጠፋትም። ጥርጣሬም የሰውን ስም ይጋርዳል፤ እውነቱ ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ጸሐፊው ያንን ቃል የመረጠው ፍርድ ላለመስጠት ነው። ተርጓሚ ሆነን በእሱ ፈንታ መፍረድ የለብንም።

የዚህ ቅርብ ዘመድ «ክላውድ ኦን ዘ ሆራይዘን» ነው። ከአድማስ ብቅ ያለ ደመና፣ ማለትም ሊመጣ ያለ ችግር። አማርኛ ለዚህ ግሩም ግሥ አለው፤ አንዣበበ። «አደጋ አንዣቧል» ስንል ሥዕሉም ስሜቱም ይተላለፋል።

«ኤቭሪ ክላውድ ሃዝ ኤ ሲልቨር ላይኒንግ» ሲባል ብሩ ከየት መጣ?

«ላይኒንግ» ገበር ነው፤ ኮት ወይም ጃኬት ውስጥ የሚደረገው ስስ ጨርቅ። ከውጭ የጠቆረ ልብስ ከውስጥ የሚያበራ ገበር ሲኖረው አስቡት። ቃል በቃል «እያንዳንዱ ደመና የብር ገበር አለው» ይላል።

ሥዕሉ ከእውነተኛ ሰማይ የተወሰደ ነው። ወፍራም ደመና ፀሐይን ሲጋርድ መሐሉ ይጠቁራል፣ ጠርዙ ግን ያብለጨልጫል። ጠርዙ ላይ ደመናው ስስ ስለሆነ ብርሃኑ አልፎ ይበተናል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1634 ለመድረክ በጻፈው ሥራ ውስጥ ጥቁር ደመና የብር ገበሩን ገልብጦ ሲያሳይ ይገልጻል። ከዚያ በኋላ ሰዎች ሥዕሉን ወሰዱት፣ ቀስ በቀስም ተረት ሆነ።

በአማርኛ ከሁሉ የሚቀርበው «ሳይደግስ አይጣላም» ይመስለኛል። ሁለቱም ከመከራው ጀርባ ያለ በጎ ነገር ይጠቁማሉ። ልዩነትም አላቸው። የእኛው ሰጪውን ያስባል፣ የእነሱ ሰማዩን ያያል።

አንድ ምክር ልጨምር። ሰው ሐዘን ላይ ሲቀመጥ ይህን አባባል አትበሉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ራሳቸው በዚያ ሰዓት ሲነገራቸው ይከፋቸዋል። በረራ ላመለጠው፣ ፈተና በትንሽ ነጥብ ለወደቀ ሰው ይሆናል። ቤተሰብ ላጣ ሰው አይሆንም።

ክላውድ ግሥ ሆኖም ይመጣል?

ይመጣል፤ አማርኛም «ዳመነ» ስለሚል ለእኛ አይከብድም። «ዘ ስካይ ክላውድድ ኦቨር» ሰማዩ ዳመነ ነው። «ሂዝ ፌስ ክላውድድ» ደግሞ ፊቱ ዳመነ፣ ፊቱ ጠቆረ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ነገር ማየታቸው ደስ ይላል።

«አንገር ክላውድድ ሂዝ ጀጅመንት» ሲል ግን «ንዴት ፍርዱን አዳመነበት» አይባልም። ንዴት ዓይኑን ጋረደው፣ ማመዛዘን አቃተው እንላለን። «ክላውድ ዘ ኢሹ» ሲል ደግሞ ጉዳዩን አድበሰበሰ፣ ነገሩን አወሳሰበ ነው። ግልጽ የነበረ ነገር ላይ ሌላ ነገር ጨምሮ እንዳይታይ ማድረግ ነው።

«ክላውዲ» ሁልጊዜ ደመናማ ነው?

ስለ ሰማይ ከሆነ አዎ። ስለ ፈሳሽ ከሆነ ድፍርስ ነው። «ክላውዲ ወተር» የደፈረሰ ውሃ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ላይ ሽንት «ክላውዲ» ነው ተብሎ ከተጻፈ ጥርት አላለም፣ ደፍርሷል ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ትርጉሙን ሐኪም ይንገራችሁ። የታሸገ የፖም ጭማቂ ላይ «ክላውዲ» ቢል ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በደንብ አልተጣራም፣ የፍሬው ብናኝ አብሮት አለ ማለት ነው።

ስለ ዓይን ሲነገር ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። የዓይን ሌንስ «ክላውዲ» ሆነ ሲባል የዓይን ሞራ ነው የሚወራው። ማስታወስን በተመለከተ ደግሞ ብዥ ያለ ትዝታ እንላለን። ይኸው፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለእኛ ደመናማ፣ ድፍርስ፣ ሞራ የያዘው፣ ብዥ ያለ ሆነ። አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለየትርጉሙ የተለየ ቃል አለው። ሀብቱን አንጣለው።

«ክላውድ ኦቭ…» ብሎ የሚጀምረውን እንዴት ልተርጉም?

ብዙ ጊዜ ደመናን ተዉት። «ክላውድ ኦቭ ደስት» ቦንኖ የተነሳ አቧራ ነው። «ክላውድ ኦቭ ሎከስትስ» የአንበጣ መንጋ ነው። «ክላውድ ኦቭ ስሞክ» የተትጎለጎለ ጭስ ነው። ሳይንስ ውስጥ ግን ደመና ራሱ ይሠራል፣ የኤሌክትሮን ደመና እንደሚባለው። በሥነ ፈለክ ደግሞ «ማጀላኒክ ክላውድስ» የሚባሉ ሁለት አሉ። ከደቡብ ንፍቀ ክበብ በዓይን ሲታዩ የተቆረጠ ደመና ይመስላሉ። በእውነቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት የያዙ ጋላክሲዎች ናቸው። ያ ሦስተኛው ባሕርይ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ብዙው ከሩቅ አንድ መሰለ።

የኮምፒውተሩ ክላውድ ለምን እንዲህ ተባለ? ሰማይ ላይ ነው እንዴ?

ሰማይ ላይ አይደለም፣ ሳተላይት ላይም አይደለም። ስሙ የመጣው ከሥዕል ነው። የስልክና የኮምፒውተር መሐንዲሶች የኔትወርክ ንድፍ ሲሥሉ የራሳቸውን ማሽኖች በሳጥን ያሳዩ ነበር። ከእነሱ ውጭ ያለውን፣ ዝርዝሩ የማያስፈልጋቸውን ትልቅ ኔትወርክ ግን በደመና ቅርጽ ከበው ያልፉት ነበር። «እዚህ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፣ ለአሁኑ ግን አያሳስበንም» ማለታቸው ነው። ኋላ ላይ ኢንተርኔቱ ራሱ በዚያ ደመና ይሣል ጀመር። ሥዕሉ ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 አማዞን የማስቀመጫና የማስሊያ አገልግሎቱን በኢንተርኔት ማከራየት ሲጀምርና ሌሎችም ሲከተሉ ቃሉ ከመሐንዲሶች ወጥቶ ወደ ሁላችንም መጣ።

ችግሩ ስሙ በጣም ማማሩ ነው። ክላውድ ሲባል ቀላል፣ ነጭ፣ ክብደት የሌለው ነገር ይታየናል። እውነታው ግንብ፣ ገመድ፣ ማቀዝቀዣና በመደርደሪያ የተደረደሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው የመረጃ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህሉን ወስደዋል። እሳትም ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ አንድ የመረጃ ማዕከል ተቃጥሎ ብዙ ድረ ገጾች ጠፍተዋል። ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች መረጃቸውን መልሰው አላገኙም። «ክላውድ ላይ ነው» ማለት «የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው» ማለት ነው ብላችሁ ያዙት።

እኔም ይህን ቃል አምኜ ተጎድቻለሁ። ስልኬ ሲሞላብኝ «ክላውድ ላይ አለልኝ» ብዬ ፎቶዎቼን ከስልኩ አጠፋሁ። ስልኩና ክላውዱ ግን የተሳሰሩ ነበሩ። ከአንዱ ሲጠፋ ከሌላውም ይጠፋል። ስገነዘብ የተወሰኑት ከመጣያው ውስጥ ተገኙ፣ የቆዩት ግን አልተገኙም። ማመሳሰልና መጠባበቂያ ቅጂ ይለያያሉ። ከማጥፋታችሁ በፊት የእናንተው የትኛው እንደሆነ ተመልከቱ።

በአማርኛ «ደመና» እንበለው ወይስ «ክላውድ»?

«የደመና ማስላት» የሚል አጠራር በጽሑፍ አይቻለሁ። ክብር አለው። ነገር ግን «ፎቶውን ደመና ላይ ጫንኩት» ብትሉ ሰሚው ለአፍታ ሰማይ ያያል። «ክላውድ ላይ ጫንኩት» ብትሉ ወዲያው ይገባዋል። እኔ በጽሑፍም በንግግርም ለኮምፒውተሩ ክላውድን፣ ለሰማዩ ደመናን እጠቀማለሁ። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። እኛ ሁለት ካለን ለምን አንጠቀምበትም?

«ኢን»፣ «ኦን»፣ «አንደር»፣ የቱን ልጠቀም?

ትርጉሙን የሚወስኑት እነዚህ ትንንሽ ቃላት ናቸው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ እዩአቸው። አማርኛ «ክላውድ ላይ» ስለሚል ብዙዎቻችን «ኦን ዘ ክላውድ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ለኮምፒውተሩ የተለመደው «ኢን ዘ ክላውድ» ነው፤ በነጠላ። ያንኑ ወደ ብዙ ቁጥር ቀይራችሁ «ኢን ዘ ክላውድስ» ካላችሁ ስለ ቀን ሕልመኛው እያወራችሁ ነው። «ኦን» የሚመጣው ለደስታው ነው፣ ያውም ከቁጥር 9 ጋር። «አንደር ኤ ክላውድ» ተጠርጣሪው ነው። በአንዲት «ስ» ድምፅ ምክንያት ፋይሉ የት እንዳለ ልትነግሩት የፈለጋችሁት ሰው ሌላ ነገር ሊረዳ ይችላል።

ክላውድ በምሳሌ ሲመጣ ሁልጊዜ መጥፎ ነው?

በአብዛኛው ወደ መጥፎው ያደላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከከፍታው የመጣው ክላውድ ናይን ደስታ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በዕብራውያን መልእክት 12፥1፣ ምስክሮች እንደ ደመና በዙሪያችን እንዳሉ ይናገራል። እዚያ ላይ ደመናው አያስፈራም። ብዛትና አለኝታ ነው። ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ደመና ሲያይም እንዲሁ ነው፣ በየትኛውም ዓለም ይሁን።

«ክላውድ» እና «ኩድ» ን ስጽፍ እቀላቅላለሁ። ምን ይሻላል?

አይፈረድባችሁም፤ ሁለቱም የሚጻፉት በተመሳሳይ 5 ፊደላት ነው። የሚለየው የ«ኤል» ቦታ ብቻ ነው። በ«ክላውድ» ውስጥ ሁለተኛ ነው፣ «ቻለ» በሚለው በ«ኩድ» ውስጥ ደግሞ አራተኛ ነው፤ እዚያ ድምፁ አይሰማም። የማስታወሻ ዘዴ ካስፈለጋችሁ የ«ክላውድ»ን የመጀመሪያ ፊደል በእጃችሁ ሸፍኑ። የሚቀረው «ላውድ» ነው፣ ጮክ ያለ። ነጎድጓድ ያረገዘ ደመና አስቡ።